ሮቦኮፒ፦ አሮጌው ኮምፒውተራችሁ ውስጥ ተቀምጦ ማንም የማይነካው ባክአፕ

ኮር ቱ ዱዎ፣ 2 ጊጋ ራም፣ ዊንዶውስ 7። የስንቱ ትንሽ ቢሮ ሂሳብ ዛሬም የሚሰራው እንዲህ አይነት አሮጌ ዴል ላይ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን ድጋፍ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 2020 እንዳቆመ እናውቃለን፣ ግን የሂሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ ተጭኖ ያለው እሱ ላይ ነው፣ አዲስ ኮምፒውተር ደሞ ዋጋው አይቀመስም። እኔም የምሰራው እንደዛው ባለ ማሽን ላይ ስለሆነ ስለምጠቀምበት ባክአፕ ልጻፍላችሁ ብዬ ነው።

ሮቦኮፒ ይባላል። አታወርዱትም፣ አትገዙትም፣ ክራክ አትፈልጉለትም፣ ከቪስታ ጀምሮ ዊንዶውስ ውስጥ አብሮ ነው የሚመጣው። መስኮት የለውም፣ በተን የለውም፣ ጥቁሩ ኮማንድ ላይ የሚጻፍ አንድ መስመር ነው በቃ። እሱን ኖትፓድ ላይ ጽፋችሁ ባች ፋይል አድርጋችሁ ሴቭ ታደርጉና ታስክ ስኬጁለር በሰዓቱ እንዲያስነሳው ታደርጋላችሁ። ዋናው የወደድኩለት ነገር ስራውን ጨርሶ መውጣቱ ነው፣ እንደሌሎቹ ባክአፕ ፕሮግራሞች ቀኑን ሙሉ ሰዓቱ ጎን ተቀምጦ ያቺን 2 ጊጋ ራም አይበላም።

መስመሩ ሮቦኮፒ ብሎ ይጀምራል፣ ከዛ የሚኮፒው ፎልደር፣ ከዛ የሚሄድበት፣ ከዛ ስላሽ ኤም አይ አር። ኤም አይ አር ማለት መድረሻው ልክ ምንጩን እንዲመስል አድርግ ማለት ነው፣ ምንጩ ላይ የሌለውን መድረሻው ላይ ያጠፋል። እዚህ ጋ ቀልድ የለም! ምንጭና መድረሻ ተገላብጦ ከተጻፈ ባዶው ሃርድ ዲስክ ስራችሁን ጠራርጎ ያወጣዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ስላሽ ኤል ጨምራችሁ አስነሱት፣ ምን ሊኮፒና ምን ሊያጠፋ እንደሆነ ይዘረዝርላችኋል እንጂ ምንም አይነካም።

ሁለተኛ ስላሽ አርና ስላሽ ደብሊው እንዳይረሱ፣ አር ስንቴ ደግሞ ይሞክር፣ ደብሊው በየመሀሉ ስንት ሰከንድ ይጠብቅ የሚሉት ናቸው። ሮቦኮፒ አንድ ፋይል እምቢ ካለው ሳይነገረው 1 ሚሊዮን ጊዜ ይሞክራል፣ በየመሀሉ 30 ሰከንድ እየጠበቀ። አስሉት፣ በአንድ የተያዘ ፋይል ምክንያት አንድ አመት ሊሞላው ትንሽ እስኪቀረው እዛው ቆሞ ይውላል ማለት ነው፣ ማን እንዲህ ይበቃል ብሎ እንዳሰበው እንጃ። አር ኮለን 2፣ ደብሊው ኮለን 5 አድርጉት፣ ሁለቴ ሞክሮ ይለፈው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አንድ ኮፒ ብቻ መያዝ ባክአፕ አይባልም፣ ምክንያቱም ዛሬ ጠዋት የተበላሸው ፋይል ምሳ ሰዓት ላይ ጥሩው ላይ ይጻፍበታል፣ የተሰረዘውም ከባክአፑ ይሰረዛል። የሚያዋጣው ማዞር ነው። እኔ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኩ ላይ 7 ፎልደር አለኝ፣ ለሳምንቱ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ፣ የዛሬ ሰኞው የሚጽፈው ያለፈው ሰኞ ላይ ነው። ቀኑን ከኮምፒውተሩ የሚያነብ ኮድ የሚጽፉ አሉ፣ ግን የቀኑ አጻጻፍ እንደ ሪጅን ሴቲንጉ ስለሚቀያየር አንዱ ጋ የሰራው ሌላው ጋ ይበላሻል። ከዛ ይልቅ ታስክ ስኬጁለር ላይ 7 ታስክ ክፈቱ፣ የሰኞው ወደ ፎልደር 1፣ የማክሰኞው ወደ 2 እያለ ይሂድ። ድርቅ ያለ አሰራር ነው ግን አይሳሳትም። ቦታው አያስጨንቅም፣ ስራችሁ 18 ጊጋ ቢሆን በ7 ሲባዛ 126 ጊጋ ነው፣ ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣች 320 ጊጋ ዲስክ በኬዝ አድርጋችሁ ትበቃለች። መጀመሪያ ቀን ይቆያል፣ ከዛ በኋላ የተቀየረውን ብቻ ስለሚወስድ ቶሎ ያልቃል። ወር ሲያልቅ አንዱን ፎልደር ኮፒ አድርጌ ለብቻው አስቀምጣለሁ፣ የሰኔ 30ውን ደሞ በፍጹም አልነካውም።

ፎልደሮቹን በቁጥር የሰየምኳቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ባች ፋይል ውስጥ ሰኞ ብላችሁ በአማርኛ ብትጽፉ ኖትፓድ በተለመደው መንገድ ሴቭ ሲያደርገው የጥያቄ ምልክት ይሆናል። የፋይሎቹ ስም በአማርኛ ቢሆን ግን ችግር የለም፣ በትክክል ይኮፒያቸዋል፣ ጥቁሩ መስኮት ላይ ነው ማሳየት የሚያቅተው። ሎጉን፣ ማለት ምን እንደሰራ የሚጽፍበትን ፋይል፣ በስላሽ ሎግ ሳይሆን በስላሽ ዩኒሎግ አስወጡት፣ ያኔ ስማቸው በግዕዝ ፊደል ይነበባል።

ሰዓቱን በኛ 6:30፣ ኮምፒውተሩ ላይ 12:30 አድርጌዋለሁ፣ ምሳ ሰዓት ማለት ነው። ማታ ቢሮው ስለሚዘጋ ኮምፒውተሩ ይጠፋል፣ መብራቱም አይታመንም። ሌላው ምክንያት ፒችትሪ ነው፣ ክፍት ከሆነ ዳታው ስለሚያዝ ሮቦኮፒ ወይ አይወስደውም ወይ ጎዶሎ ይወስደዋል። ከምሳ በፊት ከፒችትሪው ራሱ ባክአፕ በሉት፣ መጨረሻው ፒቲቢ የሚል አንድ ፋይል ያወጣል፣ ሮቦኮፒ እሱን ያነሳዋል። መብራት ጠፍቶ ሰዓቱ ቢያልፍ ታስኩ ሴቲንግ ውስጥ ያመለጠውን ቶሎ አስነሳ የሚል ምርጫ አለ፣ ራይት አድርጉበት።

አሮጌ ማሽን ላይ ማንም የማያነሳው ነገር ደሞ የማዘርቦርዱ ባትሪ ነው። ያቺ ክብ ሲአር 2032 ካለቀች መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ አመታት ወደኋላ ይመለሳል፣ ያኔ ስኬጁለሩ ሐሙስን እሁድ ነው ብሎ የተሳሳተ ፎልደር ላይ ይጽፋል። መጀመሪያ ባትሪዋን ቀይሩ። ስላሽ ኤክስ ኦ የሚሉትንም አትጨምሩ፣ እሱ ያረጀ ቀን ያለውን ፋይል ይዘላል፣ ቀኑ በተዛባበት ሰሞን የሰራችሁት ሁሉ ያረጀ መስሎት ያልፈዋል።

የሚያናድደኝ አለ። ሙሉውን ዲ ድራይቭ ኮፒ ካላችሁት መድረሻ ፎልደሩ ይደበቃል። ሰው ባክአፑ የለም ብሎ ይደነግጣል፣ አለ፣ ሂድን ሆኖ ነው፣ ስላሽ ኤ ማይነስ ኮለን ኤስ ኤች ከጨመራችሁ አይደበቅም። ታስክ ስኬጁለሩ ደሞ ፋይል በደንብ ኮፒ ተደርጎ እያለ ውጤቱን ዜሮ ኤክስ 1 ብሎ ያሳያል፣ ስህተት ይመስላል ግን ሮቦኮፒ ከ8 በታች የሚመልሰው ቁጥር ሰላም ነው። ኤክስተርናሉ በፋት 32 ፎርማት ከሆነ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፣ የሰዓት አያያዙም ስለሚለይ ያልተቀየረውን ሁሉ እንደገና ሊኮፒ ይችላል፣ ኤንቲኤፍኤስ አድርጉት። ፍላሽ ሲሰካ የዲስኩ ፊደል ከኢ ወደ ኤፍ እንዳይዞርባችሁ ዲስክ ማኔጅመንት ገብታችሁ ራቅ ያለ ፊደል ስጡት። ፓስወርድ የሌለው ኮምፒውተር ላይ ደሞ ሰው ሎግ ኢን ሳያደርግም ይስራ የሚለው ምርጫ አይሄድላችሁም፣ ወይ ፓስወርድ አድርጉ ወይ ስትገቡ ብቻ ይስራ በሉት።

ለማን አይሆንም? ኮማንድ ሲያይ ለሚያዞረው ሰው፣ እና ዊንዶውሱን ከነፕሮግራሙ መመለስ ለሚፈልግ። ይሄ ፋይል ብቻ ነው የሚይዘው። ዲስኩ ሁሌ ተሰክቶ የሚውል ከሆነም ቫይረስ ሲገባ 7ቱንም ፎልደር አብሮ ያገኛቸዋል፣ ስለዚህ ሁለት ዲስክ ይዛችሁ በየሳምንቱ እየቀያየራችሁ አንዱ ቤት ይደር።

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቸዋለሁ። አንዷን ያስቀነሰችው ዝምታው ነው፣ ዲስኩ ሳይሰካ ቢቀር እንኳን መጥቶ አይነግራችሁም። ሰኞ ሰኞ ሎጉን ክፈቱና መጨረሻ ላይ ያለችውን ትንሽ ሰንጠረዥ እዩ፣ ፌልድ በሚለው ስር 0 ካልሆነ ወደ ላይ እየሄዳችሁ የትኛው ፋይል እንደቀረ ፈልጉ፣ የዛን ቀን ሎግ ጭራሽ ከሌለ ደሞ ታስኩ አልተነሳም ማለት ነው።