ከአሜሪካ በመጣ «ብረት የሆነ መኪና» እንዳትሸወዱ

መኪና ለመግዛት ገንዘብ ቋጥራችሁ ከደላላ ጋር የምትዞሩ ሁሉ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት እባካችሁ ይህን አንብቡ። በአዲስ አበባ በሜክሲኮና በስታዲየም አካባቢ በየግቢው ቆመው ከሚሸጡት መኪኖች መካከል አሜሪካ ውስጥ ተጋጭተው ኢንሹራንስ ከጥቅም ውጪ ናቸው ያላቸው፣ ከዚያም በጨረታ ተገዝተው ባሕረ ሰላጤው አገሮች ውስጥ ተጠጋግነው የመጡ አሉ። ቀለማቸው ያብረቀርቃል፣ ወንበራቸው ቆዳ ነው፣ ዋጋቸውም ከእኩያቸው ቶዮታ ዝቅ ይላል። ለምን ዝቅ እንዳለ ስትጠይቁ ደላላው የተዘጋጀ መልስ አለው፦ «ሰው ጃፓን ስለለመደ ነው እንጂ የጃፓን ላሜራ ወረቀት ነው፤ ይህ ግን ብረት ነው።»

ይህ ንግግር ብዙ ሰው አክስሯል። የዘመኑ መኪና፣ ጃፓንም ይሥራው አሜሪካ፣ ሲጋጭ ፊቱና ኋላው እንዲጨማደድ ተደርጎ ነው የሚሠራው። የሚጨማደደው የግጭቱን ኃይል ውጦ ሰው የተቀመጠበት ክፍል ቅርጹን እንዳይለቅ ነው። ሕይወት የሚያተርፉት ይህ አሠራር፣ የመቀመጫ ቀበቶውና ኤርባጉ እንጂ የላሜራው ውፍረት አይደለም። አንድ ጊዜ ክፉኛ ተጋጭቶ በመዶሻና በስቱኮ የተስተካከለ መኪና ደግሞ ያጣው እነዚህኑ ነው። «ብረት ነው» ተብሎ የሚሸጥላችሁ መኪና ልጆቻችሁን ከአደጋ የሚጠብቀው ነገር ሁሉ ወጥቶለት ሊሆን ይችላል። እኔን ከገንዘቡ በላይ የሚያስቆጣኝ ይህ ነው።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ እንዲህ ያለ አሜሪካ ሠራሽ መኪና ከገዛ በኋላ ወደ ጋራዥ ሲወስደው አብሬው ነበርኩ። መካኒኩ ሞተሩን እንኳ አላስነሳም። ቁልፉን አንድ ደረጃ አዙሮ ክሩስኮቱን ብቻ ተመለከተ። የኤርባግ መብራት ከሌሎቹ ጋር በርቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መጥፋት ነበረበት፤ ጭራሹን አልበራም። ከተሳፋሪው ፊት ያለውን ክዳን ሲፈታው ኤርባጉ መኖር በነበረበት ቦታ የታጠፈ ስፖንጅ ተወትፎ አገኘ። መብራቱ ብልሽቱን እንዳያሳብቅ አምፖሉ ተነቅሏል። ይህን ያደረገው ሰው ምን እያደረገ እንደሆነ በሚገባ ያውቃል።

የጥራት ልዩነት የለም ብዬ አልከራከርም። ቶዮታን የጠቀመው አንድን ሞተር ቶሎ ቶሎ ከመቀየር ይልቅ ለረጅም ዓመታት መሥራቱ ነው። 1.5 ሊትሩ «ዋን ኤንዜድ» ሞተር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1999 ጀምሮ ቪትዝን፣ ያሪስን፣ ኮሮላንና ፕሮቦክስን ጨምሮ በብዙ ሞዴሎች ላይ ተገጥሟል። ሶማሌ ተራ ገብታችሁ የዚህን ሞተር ዕቃ ስትጠይቁ ነጋዴው አዲሱንም፣ ያገለገለውንም፣ ተመሳሳዩንም ከነዋጋው የሚነግራችሁ ለዚህ ነው። ለአሜሪካው መኪና ግን ብዙውን ጊዜ የምትሰሙት «ከዱባይ ይታዘዝ» የሚለውን ነው፤ ዕቃው እስኪመጣ መኪናችሁ ጋራዥ ውስጥ አቧራ ይጠጣል።

በተለይ ኦቶማቲክ ካምቢዮ ያለውን ፎርድ ፎከስ ከ2012 እስከ 2016 ሞዴል፣ ፊየስታን ደግሞ ከ2011 እስከ 2016 ሞዴል ለመግዛት ያሰባችሁ ቆም ብላችሁ አስቡበት። ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩት ላይ የተገጠመው «ፓወርሺፍት» የሚባለው ካምቢዮ ውስጡ ሁለት ደረቅ፣ ማለትም በዘይት የማይቀዘቅዝ፣ ፍሪሲዮን አለው። መኪናው ሲነሳ ይንቀጠቀጣል፣ ነዳጅ ስትረግጡ ያመነታል። አሜሪካ ውስጥ ባለቤቶቹ በጋራ ከስሰው ጉዳዩ በካሳ ስምምነት ነው የተቋጨው። እንዲህ ያለ ካምቢዮ በጣም የሚጎዳው ቀስ እያሉ ሽቅብ መሳብ ነው። ማታ በሥራ መውጫ ሰዓት ከለገሃር ተነስቶ በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ መውጣት ደግሞ ሌላ ምንም አይደለም፤ አንድ ሜትር ሄዶ መቆም፣ እንደገና አንድ ሜትር። ሻጩ የሚያሞክራችሁ ሜዳ በሆነና ጭር ባለ መንገድ ነው። እናንተ ግን ሽቅብ፣ በመጨናነቅ ሰዓት፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ሞክሩት።

የጃፓን ስም ብቻውንም ዋስትና አይሆንም። ኒሳን ማርሽ አልባ የሆነው ሲቪቲ ካምቢዮ በተደጋጋሚ እየተበላሸ በአልቲማ፣ በሮግና በሌሎችም ሞዴሎች ላይ የዋስትና ጊዜ ለማራዘም ተገዷል። የጃፓኑ ታካታ የሠራቸው ኤርባጎች ደግሞ ሙቀትና እርጥበት ለዓመታት ሲፈራረቅባቸው ውስጣቸው ያለው ኬሚካል ይበላሽና ሲፈነዱ የብረት ስብርባሪ ይረጫሉ። በአሜሪካ ብቻ ወደ 67 ሚሊዮን ኤርባጎች እንዲቀየሩ ጥሪ ተደርጓል፤ ኩባንያውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2017 ኪሳራ አውጇል። ሆንዳም፣ ቶዮታም፣ ፎርድም ይህን ኤርባግ ገጥመዋል።

እንዲያውም «አሜሪካ» እና «ጃፓን» የሚለው ክፍፍል ራሱ አታላይ ነው። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ከመኪናው ጋር አመሳክሩና የመጀመሪያውን ምልክት እዩ። በእንግሊዝኛው ጄ የሚጀምር ጃፓን የተሠራ ነው። በ1፣ በ4 ወይም በ5 የሚጀምር አሜሪካ፣ በ2 የሚጀምር ካናዳ ተሠርቷል። የቶዮታው ካምሪ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1988 ጀምሮ አሜሪካ፣ ኬንታኪ ውስጥ ይሠራል፤ ከካናዳ የሚወጡ ራቭ ፎሮችም ብዙ ናቸው። ስለዚህ «ጃፓን ቶዮታ» ተብሎ በሙሉ ዋጋ የሚሸጥላችሁ ራቭ ፎር ከዚያው ከአሜሪካ የግጭት ጨረታ የመጣ ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ ደላላው አሜሪካዊ ብሎ የሚያሞግሰው ሼቭሮሌት ስፓርክ ሻንሲው በኬ እና በኤል ፊደላት ከጀመረ የኮሪያ ሥራ ነው። ባለ 17 ምልክቱን ቁጥር እንዳለ ኢንተርኔት ላይ ፈልጉት፤ መኪናው በጨረታ ሲሸጥ የተነሳው ፎቶ፣ ፊቱ እንደተጨፈለቀ፣ ብዙ ጊዜ ይገኛል። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት ተቋም ድረ ገጽም መኪናው ያልተፈጸመ የጥገና ጥሪ ካለበት በነጻ ይናገራል። ቆጣሪው በማይል መሆኑንም አትርሱ፤ 80 ሺህ የሚለው ወደ 129 ሺህ ኪሎ ሜትር ነው።

ቪትዝ ለምትገዙም አንድ ነገር ልጨምር። ቪትዝ የሚለውን ስም ቶዮታ ለብዙ ዓመታት የተጠቀመበት ለጃፓን ገበያ ነው፤ ጃፓን ደግሞ መሪው በቀኝ ነው። እኛ ዘንድ በግራ መሪ የሚሄደው ለጃፓን ገበያ የተሠራ ቪትዝ መሪው በኋላ የዞረ ነው ማለት ነው። ይህ ሥራ በጥንቃቄም በግድየለሽነትም ሊሠራ ይችላልና መሪውንና የፍሬኑን ቱቦዎች ሳታስፈትሹ አትግዙ።

መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ አገር ውስጥ ያለው መኪና ሁሉ ተወዷል፤ ደላላውም «ዛሬ ካልያዝከው ነገ አታገኘውም» እያለ ያስቸኩላል። አትቸኩሉ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ከተወ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ መካኒክ ሳያይላችሁ አንድም ብር አትስጡ። ሕጉ ሻጩን ለተደበቀ ጉድለት ተጠያቂ ያደርገዋል፤ ገዢውም እንዳገኘ ወዲያው መርምሮ ጉድለቱን እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። በውሉ ላይ የሻንሲ ቁጥሩ፣ መኪናው ከባድ ግጭት እንዳልደረሰበትና ኤርባጎቹ ሙሉ መሆናቸው በግልጽ ይጻፍ። ሻጩ ይህን አልጽፍም ካለ መኪናውን እዚያው ተዉለት።