ሦስት ሳምንት የቆመችውን ቪትዜን በአንድ ከሰዓት ያስነሳልኝ የጎፋው ኤሌትሪሻን

እንደምን ሰነበታችሁ። እኔ ስለ መኪና ስጽፍ አይታችሁ እንደምትስቁ አውቃለሁ ግን ይሄን ልጅ ሳላመሰግነው ብቀር እንቅልፍ አይወስደኝም፣ ደግሞ እንደኔ በየጋራዡ ብር እየበተናችሁ ያላችሁ ካላችሁ ይጠቅማችሁ ይሆናል ብዬ ነው። ረዘም ይላል ታገሱኝ።

መኪናዬ የ2003 ሞዴል ቶዮታ ቪትዝ ናት፣ መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሮ የመጣች፣ ላለፉት ስድስት አመታት ልጆች አድርሳ እኔን ቢሮ አድርሳ አንድ ቀን አሳፍራኝ አታውቅም። ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ሰኞ ጠዋት ልጆቹን ጭኜ ቁልፍ ሳዞር ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) ቸቸቸቸ እያለ በደንብ ይዞራል ግን አትነሳም። ደጋግሜ ሞከርኩ ያው ነው። ቤንዚን አላት፣ ቅዳሜ ተሰልፌ ነው የሞላኋት። ጎረቤታችን ባትሪ ነው ብሎ ከራሱ መኪና በኬብል አገናኘልኝ፣ አሁንም ያው። (በኋላ ልጁ እንደነገረኝ ባትሪው ደክሞ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያውኑ ሞተሪኖው እንደዛ እየፈጠነ አይዞርም፣ እየጎተተ ይዞራል ወይ ደግሞ ጠቅ ብሎ ዝም ነው የሚለው።)

አስጎትቼ ጋራዥ ወሰድኳት፣ የት እንደሆነ አልናገርም እነሱም እንጀራቸው ነው። መጀመሪያ ካንዴላ (ነዳጁን የሚያቀጣጥለውን እሳት የሚሰጠው) ነው አሉኝ፣ አራቱም ተቀየረ፣ አልተነሳችም። ቀጥሎ ለካንዴላው ኤሌትሪክ የሚሰጠው ኮይል ነው አሉና ከሌላ መኪና ፈተው ሞከሩ፣ እሱም አይደለም። ከዛ አንደኛው የኋላ ወንበሩን አንስቶ የነዳጅ ፓምፑን ሶኬት ነቀለና በቴስተር ለካው፣ "ይኸው 12 ቮልት ይመጣል፣ መስመሩ ሰላም ነው፣ ፓምፑ ነው የሞተው" አለኝ። ቁጥሩን በአይኔ ስላየሁ አመንኩ፣ ማን አያምንም? ሶማሌ ተራ ሄጄ ፓምፕ ገዛሁ፣ 8,500 ብር፣ የማስገጠሚያው ሌላ። አልተነሳችም። እዛ ላይ "እንግዲህ ኮምፒውተሯ ሳይሆን አይቀርም" ሲሉኝ አይ በቃኝ፣ ተዉት ብዬ እንደገና አስጎትቼ ቤቴ መለስኳት።

ቢሮ አብራኝ የምትሰራ ልጅ ናት ስልኩን የሰጠችኝ፣ ጎፋ አካባቢ ነው፣ ሞተር አይፈታም እቃ አይሸጥም የመኪና ኤሌትሪክ ብቻ ነው የሚሰራው አለችኝ። ደወልኩለት፣ ቅዳሜ መጣ፣ ሃያ ሰባት ሃያ ስምንት ቢሆነው ነው። ገና ከመግባቱ "ማዘር" ሲለኝ ትንሽ ከፋኝ (አርባ ሁለት አመቴ ነው እኮ!) ግን ሥራውን ሳይ ረሳሁት።

ገርሞኝ የነበረው ለግማሽ ሰዓት ያህል አንድም ነገር አለመፍታቱ ነው። "ማዘር ቁልፉን ኦን ላይ ብቻ ያድርጉልኝ፣ እንዳያስነሱት" አለኝና መሃል ያለውን ዳሽቦርድ አየ። የቼክ ኢንጅን መብራቷ በርታለች። "ጎበዝ፣ ኮምፒውተሯ ኤሌትሪክ እያገኘች ነው፣ እሷን አንነካትም" አለ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያቺን መብራት ያያት ሰው አልነበረም ማለት ነው። ቀጥሎ የአየር ማስገቢያው ላይ በቆርቆሮ ካለ እሳት የሚይዝ ማጽጃ ትንሽ ነፋና አስነሺ አለኝ፣ ይቅርታ፣ ያስነሱ አለኝ፣ መኪናዋ ብርርር ብላ ሁለት ሰከንድ ያህል ሰራችና ጠፋች። እኔ እልል ልል ስል እሱ ለራሱ ራሱን ነቀነቀ፣ እሳቱ አለ የጠፋው ነዳጁ ነው ማለት ነው። ካንዴላውና ኮይሉ በዛች ሁለት ሰከንድ ነጻ ወጡ። (እባካችሁ ይሄን ቤት አትሞክሩት፣ በተለይ በቤንዚን፣ እሱ እንኳን የእሳት ማጥፊያውን አጠገቡ አስቀምጦ ነው።)

ፓምፑ አዲስ ነው፣ 12 ቮልትም ይመጣል ተብያለሁ አልኩት። ሳቅ አለና "ሶኬቱን ነቅለው ነው የለኩት አይደል?" አለኝ። እንዴት አወቅህ! እሱ ሶኬቱን እንደተሰካ ትቶት ከጀርባው ቀጭን መርፌ አስገብቶ እኔ ቁልፍ ሳዞር ለካው፣ 4.6 ቮልት። በዛው ሰዓት ባትሪው ላይ 10.4 ነው። ሲያስረዳኝ እንዲህ አለ፣ "የግቢውን የውሃ ጎማ የሆነ ቦታ ታጥፎ ጫፉን በጣትዎ ቢደፍኑት ግፊቱ ሙሉ ነው የሚመስለው፣ ሲለቁት ግን ጠብ ጠብ ነው የሚለው። መስመሩ ላይ ጭነት ከሌለ ቴስተር እንደዛ ነው የሚሸውደው።" እኔ ፊዚክስ ትምህርት ቤት ስማር እንዲህ ያስረዳኝ ሰው ቢኖር ኖሮ አልወድቅም ነበር።

ከዛ ማሳውን (ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰውን መስመር) ለካ፣ ደህና ነው። ከባትሪው ፊውዝ ባለው ገመድ ቀጥታ ለፓምፑ ሲሰጠው ዝዝዝዝ አለና መኪናዋ በአንድ ቁልፍ ተነሳች። እውነቴን ነው እንባዬ መጣ፣ ልጆቹ ከበረንዳ እየጮሁ ወረዱ። እሱ ግን ወዲያው አጠፋትና "ይሄ መፍትሄ አይደለም ማዘር፣ እንደዚህ ቀጥታ አስረው ገንዘብ ተቀብለው የሚሄዱ አሉ፣ ግን አደጋ ቢደርስ ሞተሩ ቆሞ ፓምፑ ነዳጅ መርጨቱን አያቆምም" አለ። ይሄን ባይለኝ እኔ በደስታ ከፍዬ አሰናብቼው ነበር።

መስመሩን እኩል እኩል እየከፈለ ለካው፣ ከሪሌው (ለፓምፑ ኤሌትሪክ ከሚያበራና ከሚያጠፋው ማብሪያ) ሲወጣ ደህና ነው፣ ወንበሩ ስር ሲደርስ ግን ወርዷል፣ ስለዚህ ጥፋቱ መሃል ነው። ዳሽቦርዱ ስር ተኝቶ ገብቶ በሞባይል መብራት ሲፈልግ ቆየና የሆነች ጥቁር ሪሌ ጎትቶ አሳየኝ። "ይቺ የቶዮታ አይደለችም፣ የማን ናት?" አለኝ። እኔ ሙሉ በሙሉ ረስቼው! ከአራት አመት በፊት ሰፈራችን መኪና ሲሰረቅ ደንግጬ ጂፒኤስ አስገጥሜ ነበር፣ ሌባ ቢወስዳት በስልክ ነዳጅ የሚቆርጥ የተባለ። ያኔ የገጠሙት ሰዎች የፓምፑን ሽቦ ቆርጠው፣ በእጅ ጠምዝዘው፣ በፕላስተር ጠቅልለው ነው የተዉት። ፕላስተሩን ሲፈታው ውስጡ አረንጓዴ ሆኗል፣ ሽቦው በሙቀት ጠቁሯል። ሌባ እንዳይነዳት ያስገባሁት ነገር እኔኑ አላስነዳ አለኝ ማለት ነው።

የተበላሸውን ቆርጦ አውጥቶ አዲስ ሽቦ ቀጠለ፣ በሊድ በየደው፣ በሙቀት የሚሸበሸበውን ጎማ አለበሰው። ነዳጅ መቁረጫው ይቅር አልኩት፣ ቦታ መጠቆሚያው ግን አለ። ከዛ እንደገና ለካ፣ ይሄ ነው ደስ ያለኝ፣ መኪናዋ ተነስታም አላመነም፣ እንደ መጀመሪያው ቁልፍ ሲዞር ፓምፑ ጋ 10 ቮልት መድረሱን ሳያይ እቃውን አልሰበሰበም። ሁሉም ነገር ሦስት ሰዓት ፈጀ፣ የጠየቀኝ 2,000 ብር ነው። አሮጌው ፓምፕ ጤነኛ ሳይሆን አይቀርም ብሎኛል፣ መደርደሪያዬ ላይ ተቀምጦ ያየኛል።

እንዳልዋሸላችሁ ቀጠሮ ላይ ደካማ ነው፣ ስድስት ሰዓት ብሎኝ ስምንት ሰዓት ነው የመጣው፣ መኪና ስር ከገባ ስልክ አያነሳም፣ እሁድ አይሰራም። ስልኩን በአደባባይ አልለጥፍም፣ ፈቅዶልኛልና በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እሰጣለሁ። ስትደውሉለት ከሰላምታው ቀጥሎ የሚጠይቃችሁ "ሞተሪኖው ይዞራል ወይስ አይዞርም? ቼክ ኢንጅኗስ ትበራለች?" ነው፣ አይታችሁ ደውሉ፣ አለበለዚያ ሄዳችሁ አይታችሁ ደውሉልኝ ብሎ ይዘጋባችኋል።