ለሞተር ኮንትሮለር የትኛው ይሻላል? አርዱዪኖ፣ ብሉ ፒል፣ ጂ4 ወይስ ሲ2000

ከባሕር ዳር ተማሪው፣ ከዳንግላ ባጃጅ ጠጋኙ «የትኛውን ቦርድ ልግዛ?» ይለኛል። ለየብቻ ከመመለስ አንዴ ልጻፈው። ከወዲሁ ልናገር፤ እኔ የጂ4 (የኤስቲ ኩባንያ ኤስቲኤም32ጂ4 ቺፕ) ወገን ነኝ።

አርዱዪኖ ኡኖን ቶሎ እንለፈው። ፓምፕ በሪሌይ ለማስነሳት አሪፍ ነው። ለሦስት ፌዝ ሞተር ግን አይደርስም። በተለመደው አሠራሩ ከረንት አንዴ ለማንበብ 100 ማይክሮሰከንድ ገደማ ይፈጃል። በ20 ኪሎኸርዝ ኃይሉ በሚበራና በሚጠፋ ሞተር አንዱ የማብራትና የማጥፋት ዙር 50 ማይክሮሰከንድ ነው። አንብቦ ሳይጨርስ ሁለት ዙር ያመልጠዋል።

ብሉ ፒል በሚባለው ርካሽ ቦርድ ላይ ያለው ኤስቲኤም32ኤፍ103 ቺፕ በፈረንጆቹ 2007 የወጣ ነው። በ1 ማይክሮሰከንድ ያነባል። የላይኛውና የታችኛው ሞስፌት (ለሞተሩ ኃይል የሚያበራና የሚያጠፋ ኤሌክትሮኒክ ማብሪያ) አብረው እንዳይከፈቱ ክፍተቱን ታይመሩ ራሱ ይጠብቃል። ዋጋውም ያጓጓል፤ የብሩ ነገር ስለማይታመን በዶላር ልንገራችሁ፣ ከ2 እስከ 4። ጣጣው ቅጂው ነው። ላዩ ላይ የኤስቲ ስም ተጽፎበት ውስጡ ሌላ ቺፕ ይሆናል። በኤስቲ-ሊንክ (ቺፑን ፕሮግራም ማድረጊያ መሣሪያ) አገናኙና የኮር መለያውን እዩ። የኦሪጅናሉ ከዜሮ ኤክስ ቀጥሎ በ1 ይጀምራል። በ2 ከጀመረ ተጭበርብራችኋል።

አንድ ጠጋኝ እንዲህ ያለ ቦርድ ባጃጅ ላይ ገጥሞ አመጣልኝ። ሬጉሌተሩ (ቮልቴጅ የሚያስተካክለው ክፍል) ጣት አያስነካም። ቺፑ በየመሀሉ ሪሴት ያደርጋል። ስድስቱም ሞስፌቶች ነደዋል፣ የጌት ድራይቨሩም (ሞስፌቶቹን የሚያዝዘው ቺፕ) አልቀረም። አሁን ደምሩ፦ ሞስፌት፣ ድራይቨር፣ ከመርካቶ በአውቶብስ ማስመጫ፣ ባጃጇ ቆማ የቀረው ገቢ። በቺፕ የተረፈችው ገንዘብ የትም አትደርስም።

ጂ4 በ2019 መጣ። 170 ሜጋኸርዝ ነው፣ የነጥብ ቁጥር በሃርድዌር ያሰላል፣ ሳይንና ኮሳይን የሚሠራለት ክፍል ለብቻው አለው። እኔን የገዛኝ ግን ውስጡ ያለው ኮምፓራተር (ሁለት ቮልቴጅ የሚያወዳድር ክፍል) ነው። ከረንት ሲያልፍ ፕሮግራሙን ሳይጠብቅ ፒደብሊውኤሙን (ሞስፌቶቹን ቶሎ ቶሎ የሚያበራና የሚያጠፋውን ምልክት) ይዘጋዋል። ኮዳችሁ ቢንጠለጠልም ሞስፌቱ ይተርፋል። ጂ4 ያለበት ኑክሊዮ ጂ431ኬቢ ቦርድ ውጭ አገር 15 ዶላር አካባቢ ነው፤ ፕሮግራመሩ አብሮት ስላለ ሌላ አትገዙም። ቺፑ ባለ 32 እግር ነው፣ በእግሮቹ መካከል 0.8 ሚሊሜትር አለ። በተራ ካውያ ይቀየራል።

የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ሲ2000 ለዚሁ ሥራ የተፈጠረ ነው፤ ክፉ አይወጣውም። በማትላብ ለምትሠሩ የመመረቂያ ጽሑፍ ተማሪዎች ደግሞ ኮዱን ከሞዴሉ ያወጣላችኋል። ግን ከሲ2000 ቺፖች አንዱ የሆነው የኤፍ280049ሲ ቦርድ ከኑክሊዮው ይወደዳል። 100 እግሩም በ0.5 ሚሊሜትር የተጠጋጋ ነው፤ ያለ ማጉያና ሆት ኤር አትድፈሩት። ዩኒቨርሲቲው ከገዛላችሁ ውሰዱ። ከኪሳችሁ ከሆነ ይቅርባችሁ።

ብር ያጠረው ብሉ ፒሉን ለመማሪያ ይያዝ፤ በ12 ቮልት፣ ፊውዝ አስገብቶ። የደንበኛ 48 ቮልት ባትሪ ላይ ግን እንዳታስሩት።