የኒክሰንን ቴፕ ከደሴ ሆኖ ማዳመጥ፦ አገልግሎቱ ሲመዘን

የአሜሪካ ፕሬዚዳንት በሕግ ፊት እንዴት እንደሚያዝ ማወቅ ለሚፈልግ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ወይም የታሪክ ተማሪ፣ ካሊፎርኒያ የሚገኘው የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሪቻርድ ኒክሰን ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ትልቅ ሀብት ነው። ከ1971 እስከ 1973 እ.ኤ.አ. ኒክሰን በድብቅ ካስቀዳው 3,700 ሰዓት ገደማ ንግግር 3,000 ያህሉ ለሕዝብ ተለቋል። ክፍያ የለውም።

መጀመሪያ የሚደመጠው የጁን 23 ቀን 1972ቱ ነው፤ ቁጥሩ 741-2። ከአቦል እስከ በረካ የሚዘልቅ የአንድ ሰዓት ተኩል ንግግር ነው። የኒክሰን የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሃልደማን፣ የስለላ ድርጅቱ ሲ.አይ.ኤ. ጣልቃ ገብቶ የፌዴራል ፖሊሱን የኤፍ.ቢ.አይ.ን የዎተርጌት ምርመራ (የተቃዋሚው ፓርቲ ጽሕፈት ቤት ተሰብሮ የተገባበትን ጉዳይ) እንዲያስቆም ሐሳብ ሲያቀርብ፣ ኒክሰንም ሲስማማ በጆሮ ይሰማል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጁላይ 1974 በ8 ለ 0 ድምፅ ቴፖቹ እንዲሰጡ ወሰነ፤ ይህ ንግግር በወጣ በቀናት ውስጥ ኒክሰን ሥልጣን ለቀቀ። በእነዚያው ዓመታት ረሃቡ ከዓለም ተሸሽጎበት ላለቀው ለወሎ ሰው፣ የተደበቀ ነገር በመንግሥት በራሱ መዝገብ ሲጋለጥ መስማት ልብ ይነካል።

ድምፁ ግን ያስቸግራል። ረጅም ሰዓት እንዲይዝ ተብሎ በጣም ስስ ቴፕ፣ በዝግታ እየዞረ ነው የቀዳው። መቅጃው የሚነሳው ድምፅ ሲሰማ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ ቃላት ይቆረጣሉ። አምስት ማይክሮፎን የተቀበረው የፕሬዚዳንቱ ቢሮ ጠረጴዛ ውስጥ ነው፤ ሲኒ ሲቀመጥበት ኳኳታው ንግግሩን ይውጠዋል። ስለዚህ የስልክ ንግግሮቹን አስቀድሙ፣ እነሱ ጥርት ያሉ ናቸው። ለክፍሉ ንግግር ጆሮ ላይ የሚገጠም ማዳመጫ የግድ ነው።

ፋይሉን አውርዶ ማስቀመጥ ይሻላል፤ ኔትወርክ ወይም መብራት ሲቆራረጥ ከመሃል መጀመር አድካሚ ነው። ከማዳመጥ በፊት የርዕስ ዝርዝሩን አንብቡ፦ ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ስለ ምን ተነጋገሩ የሚለው እዚያ አለ። ቃል በቃል የተገለበጠው ግን ጥቂቱ ብቻ ነው፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ። ለአገር ደኅንነት ወይም ለግል ጉዳይ ተብሎ የተነሳ ክፍል ካለ፣ ስንት ደቂቃና ሰከንድ እንደሆነ ተጽፏል። የአገልግሎቱ ትልቁ ጥንካሬ ይኸው ይመስለናል፤ የጎደለውን ጎድሏል ይላል።

የጁን 20 ቀን 1972ቱንም አትዝለሉ። ከንግግሩ 18 ደቂቃ ተኩሉ ጠፍቷል፤ በፍርድ ቤት የተመደቡ ባለሙያዎች ቢያንስ አምስት ጊዜ ተደጋግሞ እንደተሰረዘ አረጋግጠዋል። የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ለማስመለስ ሞክሮ አልቻለም፤ እዚያ ቦታ የሚሰማው ጥዝዝታ ብቻ ነው።