ለአልጀብራ ምን ይገዛ? ታብሌት፣ ቅርጫት ኳስ ወይስ ሲባጎ

ክረምት በመጣ ቁጥር ደሴ ላይ አንድ ጥያቄ አያጣኝም። «ልጁ ኳስ እንጂ ሒሳብ አይገባውም፣ ታብሌት ልግዛለት?» የሰፈራችንን የ8ኛና የ9ኛ ክፍል ልጆች አስጠናለሁ፤ አልጀብራውን የማስጀምራቸውም በስፖርት ነው። የሞከርኳቸውን ጎን ለጎን ላስቀምጥላችሁ። ዋጋ አልጽፍም፣ እኔ ጽፌ እናንተ ፒያሳ እስክትደርሱ ይቀየራል።

ብዙ ከማያስወጣው ልጀምር፤ ስኩዌር ደብተርና ያለፈ ዓመት የሊግ ውጤት። አርሰናል በ2003/04 እ.ኤ.አ. 38 ጨዋታ ሳይሸነፍ ጨርሶ 90 ነጥብ ሰበሰበ። ያሸነፈበትን ሀ፣ አቻ የወጣበትን ለ በሉት። ሀ + ለ = 38 ነው፤ ድል 3፣ አቻ 1 ነጥብ ስለሆነ 3ሀ + ለ = 90 ነው። ከሁለተኛው ላይ የመጀመሪያውን ቀንሱ፤ 2ሀ = 52 ይቀራል፣ ሀ 26 ሆነ፣ ለ ደግሞ 12። የአርሰናል ደጋፊ የሆነ ልጅ መልሱን ቀድሞ ያውቀዋል፣ ደስ የሚለውም ይኼው ነው፤ ቀመሩ እሱን ሲፈትነው የኖረውን አሁን እሱ ቀመሩን ይፈትነዋል።

ቀጥሎ ሌስተርን ስጡት። በ2015/16 እ.ኤ.አ. ዋንጫ ሲያነሱ 81 ነጥብ ነበራቸው። ግን ተሸንፈዋል፣ ስለዚህ የማናውቃቸው ቁጥሮች ሦስት ሆኑ፣ ኢኩዌሽኑ ግን ያው ሁለት ነው። ልጁ ተቀምጦ ሲሞክር ስድስት መልስ ያገኛል፤ ከ27 ድል፣ 0 አቻና 11 ሽንፈት ጀምሮ እስከ 22 ድል፣ 15 አቻና 1 ሽንፈት ድረስ ሁሉም ያስኬዳል። እውነተኛው 23፣ 12 እና 3 ነው። «ታዲያ የቱ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?» ብሎ ሲናደድ፣ ሦስተኛ መረጃ ለምን እንደሚያስፈልግ እኔ ሰሌዳ ላይ ብለፋ የማላስረዳውን ያህል ገብቶታል ማለት ነው።

የደብተሩ ችግር ሁለት ነው። አንደኛ፣ እግር ኳስ የማይከታተል ልጅ አለ (አዎ፣ አለ) እና ቶሎ ያዛጋል። ሁለተኛው ይብሳል። ልጁ ሰንጠረዥ ማንበብ ሲለምድ ነገ ማን እንደሚያሸንፍ መገመት ያምረዋል፣ ከዚያ ውርርድ ቤት ሩቅ አይደለም። እኔ ያለቀ የውድድር ዘመን ብቻ ነው የምሰጠው፣ የነገን ጨዋታ አላስነካም።

አሁን ወደሚገዛው። ቅርጫት ኳስ ከእግር ኳስ ለአልጀብራ ይሻላል፣ ብዙ ሰው ይህን ስል ይገርመዋል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ እግር ኳስ ላይ ጎል ሁሉ አንድ ነው፣ እዚህ ግን ቅጣት ምት 1፣ የሜዳ ቅርጫት 2፣ ከመስመር ውጪ 3 ነው። ልጆቹን ሁለት ቡድን አድርጉና አንዱ ቡድን ሲወረውር ሌላው ጀርባውን ይስጥ። «11 ጊዜ አስገባን፣ 27 ነጥብ አለን፣ ቅጣት ምት የለበትም» ብቻ ይባላል። ስንቱ ባለ 2፣ ስንቱ ባለ 3? (6 እና 5።) ሲሰለቻቸው አሜሪካዊውን የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ዊልት ቻምበርሊንን አምጡላቸው። በ1962 እ.ኤ.አ. በአንድ ጨዋታ 100 ነጥብ ሲያስቆጥር በጠቅላላው 64 ጊዜ ነው ያስገባው፣ እሱ በሚጫወትበት ሊግ ያኔ ባለ 3 የሚባል ነገር አልነበረም። 36 ቅርጫትና 28 ቅጣት ምት ይወጣል። የኳሱ ጉድለት ቀለበት መፈለጉ ነው፤ የትምህርት ቤቱ ሜዳ በክረምት ከተቆለፈ ኳሱ አልጋ ስር ያድራል።

ሲባጎና ስልክ ላይ ያለ ሰዓት ደግሞ ለፍጥነትና ለግራፍ። በየ10 ሜትሩ ቋጠሮ የተደረገበት ሲባጎ ዘርጉ። ታናሽ እህት 20 ሜትር ቀድማ በሰከንድ 4 ሜትር፣ ወንድሟ በ5 ሜትር ቢሮጡ፣ ሰከንዱን ሰ በሉት፣ 5ሰ = 4ሰ + 20፤ በ20 ሰከንድ 100 ሜትር ላይ ይደርስባታል። እኛ ስንሞክረው አልደረሰባትም። ልጅቷ ቀመሩን አላነበበችማ! ትክክለኛ ፍጥነቷን ለክተን እንደገና ስንሠራው ነው ነገሩ የተያዘው። ለማወዳደሪያ ቀነኒሳ በ2005 እ.ኤ.አ. 10,000 ሜትሩን በ26:17.53 ሲጨርስ እያንዳንዱን የ400 ሜትር ዙር በአማካይ 63.1 ሰከንድ ነው የሮጠው፤ አንድ ዙር አሯሯጧቸውና ይዩት።

ታብሌትስ? መስመር ሲቀና ሲዘነበል በጣት እየጎተቱ ለማየት አቻ የለውም፣ ስሎፕ እዚያ ላይ ወለል ብሎ ይታያል። ግን ይህን የሚሠራው ጂኦጀብራ የሚባለው የሒሳብ አፕ ነጻ ነው፣ አንዴ ከተጫነ ኔትወርክ አይፈልግም፣ አሮጌ ስማርት ስልክ ላይም ይሠራል። እኔ የማስጠናው አንድ ልጅ ታብሌት ተገዝቶለት በሁለተኛው ሳምንት ከጂኦጀብራው ይልቅ የኳስ ጌሙ ነበር ባትሪውን የሚጨርሰው። የጆተኒ ገበታ የሚጠይቁኝም አሉ። ለቤት ውድ ነው፣ ለአልጀብራም ከሊጉ ሰንጠረዥ የተለየ ነገር አይሰጥም።

ኮምቦልቻ ያላችሁ ሜዳው ለጥ ስላለላችሁ ሲባጎውን አስቀድሙ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ በጠዋት። ደሴ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ነው፣ ዳገቱም ለሩጫ አይመችም፣ ስለዚህ ደብተሩንና አሮጌውን ስልክ ይዛችሁ ጀምሩ፣ ቀለበት ያለው ሜዳ ካገኛችሁ ኳሱን ጨምሩ። ታብሌቱን እኔ ብሆን አልገዛውም። ኳሱን ስትገዙ ግን እዚያው ሱቁ በር ላይ አስነፉና ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱ፤ ከለሰለሰ ይለውጡላችሁ።