የባዩ ጥልፍ፦ ዋናው ይሻላል ወይስ ቅጂው?

በ1066 ኖርማኖች (ከሰሜን ፈረንሳይ የመጡት) እንግሊዝን እንዴት እንደያዙ በክር የተጠለፈ ታሪክ አለ። ዋናው የ11ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው፤ በፈረንሳይዋ ባዩ ከተማ ስም ይጠራል። ቅጂውን ደግሞ በ1885 እና 1886 የእንግሊዟ ሊክ ከተማ ሴቶች ጠለፉት። አሁን እንግሊዝ፣ ሬዲንግ ሙዚየም ይገኛል።

ወጪ፦ ቅጂውን በነጻ ታያለህ። ዋናው ትኬት ይጠይቃል።

ኑሮና ጦርነት፦ እዚህ ላይ ሁለቱም ያስተምራሉ። ዛፍ ተቆርጦ መርከብ ይሠራል፣ ፈረስ ባሕር ይሻገራል፣ ከውጊያው በፊት ግብር ይበላል። እኔን የሚይዘኝ ግን አንድ ቦታ ነው፦ ወታደሮች ቤት ሲያቃጥሉ አንዲት ሴት ልጇን ይዛ ትወጣለች። ድል አድራጊውን ለማወደስ በተሠራ ጥልፍ ላይ እሷም አለች!

ፖለቲካ፦ ኋላ የእንግሊዝ ንጉሥ የሆነው ሃሮልድ የቅዱሳን አጽም ባለበት ሣጥን ላይ እጁን ዘርግቶ ለኖርማኖቹ መሪ ለዊልያም ይምላል። ምን ብሎ እንደማለ ጥልፉ ላይ ያለው ጽሑፍ አይናገርም። የዙፋን ጠቡ ሁሉ እዚያ ዝምታ ውስጥ ነው።

ስጋት፦ ዋናው በኋላ ዘመን ተጠግኗል። ቅጂው ላይ ደግሞ በዋናው ራቁት የነበረው ሰው ሱሪ ለብሷል።

ለጥናት ከሆነ ዋናውን ፈልግ። ልጆች ይዘህ ከሆነ፣ ወይም እንግሊዝ ከኖርክ፣ ሬዲንግ ሂድ፤ ከየክፍሉ ሥር የጠላፊዋን ስምም አንብብ።