ሪያሊዝም ወይስ ሊበራሊዝም፦ የ1935ቱን ወረራ በየትኛው እናንብበው?

ብዙ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የሁለቱን የዓለም አቀፍ ግንኙነት ንድፈ ሐሳቦች ትርጉም ሸምድዶ ፈተና ላይ የሚቸገረው በአንድ ጉዳይ ላይ ስላልሞከራቸው ነው። ጣሊያን ኢትዮጵያን የወረረችበት ጉዳይ ለዚህ ይመቻል (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

ሪያሊዝም የሚነሳው ከመንግሥታት በላይ ዳኛ የለም ከሚለው ሐሳብ ነው። ስለዚህ «ብሪታኒያና ፈረንሳይ ምን ፈሩ?» ብሎ ይጠይቃል። ሂትለር እየታጠቀ ነበርና ሙሶሊኒን ማጣት አልፈለጉም። የመንግሥታት ማኅበር (ከተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በፊት የነበረው ድርጅት) በጣሊያን ላይ የጣለው ማዕቀብ ኖቬምበር 18 ቀን 1935 ተጀመረ፤ ነዳጅ ግን አልተካተተበትም፣ የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም። የጣሊያን ወታደርና ስንቅ በዚያው ቦይ ማለፉን ቀጠለ። መልስ ወረቀት ላይ ይህቺ አንዲት ዝርዝር ከግማሽ ገጽ ትርጉም ትበልጣለች።

«ሊበራሊዝም ወደቀ» ብሎ መዝጋት ግን የተለመደ ስህተት ነው። ሊበራሊዝም መንግሥታት በጋራ ተቋምና ደንብ ሊተባበሩ ይችላሉ ይላል እንጂ ተቋም እስካለ ድረስ ሰላም ይሆናል አይልም፤ ትኩረቱ የተቋሙ አሠራር ላይ ነው። የመንግሥታት ማኅበር ቃል ኪዳን አንቀጽ 16 ማዕቀብን ግዴታ ቢያደርግም ማኅበሩ የራሱ ጦር አልነበረውም፤ አሜሪካም አባል አልነበረችም። በ1945 የጸጥታው ምክር ቤት አስገዳጅ ውሳኔ የማሳለፍ ሥልጣን ለምን እንዳገኘ በዚህ በኩል ይብራራል። አምስቱ ኃያላን ድምፅን በድምፅ የመሻር መብት ለምን እንደያዙ ለማስረዳት ግን ሪያሊዝም ይሻላል።

ጥያቄው «ኃያላኑ ለምን ዳር ቆሙ?» ከሆነ በሪያሊዝም ጀምሩ፤ «የማኅበሩ ደንብ ምን ጎደለው?» ከሆነ በሊበራሊዝም።